ዓሣው መንግሥት አለው

፩

— ትርስዬ፣ ትሰሚኛለሽ? እግሬ ጫማ እምቢ አለ።

፪

ከዚህ ልጀምር፤ ሌላ መጀመሪያ የለኝም።

ድምፁ የወንድሜ የናሁሰናይ ነው። መርከበኛ ነው። የሚሠራባት የጭነት መርከብ ሞተሯ ተሰብሮ፣ ባለቤቷ ስልኩን ዘግቶ፣ ስሙን ለመጥራት እንኳ የማልፈልገው አንድ አገር ፊት ለፊት መልሕቅ ጥላ ቆማለች። አገሩን «ባለዳርቻው» እለዋለሁ። የሕጉ መጽሐፍም እንደዚያ ነው የሚለው፤ ስም አያስፈልገውም። ሌሎቹ መርከበኞች አንድ በአንድ በየኤምባሲያቸው ትግል ወደየቤታቸው ገብተዋል። እኛ እዚያ ኤምባሲ የለንም። «መርከብ ያለ ሰው አይተውም» ተባለና ሁለት ኢትዮጵያውያን ጠባቂ ሆነው ቀሩ፦ ናሁሰናይና ሞተረኛው ጋሽ ድንበሩ።

አዎ፣ ስማቸው ድንበሩ ነው። እኔ አላወጣሁላቸውም።

የናሁሰናይን እግር ያቆሰለው የዛገ የብረት ገመድ ነው። መጀመሪያ «ጭረት ናት» አለኝ። ቀጥሎ «ትንሽ አብጧል» አለኝ። ከዚያ የጫማው ነገር መጣ።

፫

እኔ ደግሞ ምን እንደማስተምር ገምቱ።

የባሕር ሕግ።

ወደብ በሌለው አገር፣ አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የቧንቧ ውሃ ሲፈልግ ብቻ በሚመጣበት ሕንፃ ውስጥ። ተማሪዎቼ በሌለሁበት «አድሚራሏ» ይሉኛል፤ የማላውቅ ይመስላቸዋል። ብዙዎቹ ኮርሱን የሚወስዱት ፈተናው ቀላል ነው ተብሎ ስለተወራ ነው። ያወራውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል። ሙያዬን ከልቤ እወደዋለሁ፤ ይህን አሁን የምናገረው በኋላ ስሳደብ እንዳትታዘቡኝ ነው።

፬
ባሕሩ እንዴት እንደተቆረሰ

ከዳርቻው ተነሱ።

እስከ አሥራ ሁለት የባሕር ማይል፦ የግዛት ባሕር። እንደ መሬቱ ሁሉ የአገሩ ነው። ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ ሐኪሙም ይደርሳል።

ከዚያ እስከ ሃያ አራት፦ ተጎራባች ቀጠና። እዚህ ባለዳርቻው ያለው መብት በአብዛኛው የመከልከል መብት ነው። ኮንትሮባንድ እንዳይገባ፣ ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይገባ፣ በሽታ እንዳይገባ።

ከአሥራ ሁለቱ ጀምሮ እስከ ሁለት መቶ ደግሞ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና። በውሃው ላይ ማንም ይተላለፋል፤ ሀብቱ ግን የባለዳርቻው ነው። ዓሣው። ከወለሉ ሥር ያለው ዘይትና ጋዝ። ነፋሱ እንኳ ኤሌክትሪክ ካመነጨ የሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ፦



ባሕር።



የናሁሰናይ መርከብ ከአሥራ ሁለቱ ማይል ትንሽ ወጣ ብላ ነው የቆመችው። ባለቤቷ የመልሕቅ ክፍያ ላለመክፈል ሆን ብሎ እዚያ አስቆማት። ጥርት ባለ ቀን ከአናቷ ላይ ሆኖ ከተማው ይታያል፤ የስልክ መስመርም አንዳንዴ እስከዚያ ይደርሳል። ናሁሰናይ በመርከቧ መነጽር ሆስፒታሉን ሳይቀር ለይቶታል። ነጭ ሕንፃ ነው፣ አምቡላንሶች ሲገቡ አያለሁ ይላል። አያችሁ? ያየዋል።

፭
የሚመለከተው አካል

የባሕር ነፍስ አድን ጣቢያ፣ በሬዲዮ። ናሁሰናይ እንደነገረኝ ነው የጻፍኩት።

ጣቢያው፦ መርከባችሁ እየሰጠመች ነው?
ናሁሰናይ፦ አይደለም። ሰው ታሟል። እግር ነው፣ ተመርዟል።
ጣቢያው፦ እሳት ተነስቷል?
ናሁሰናይ፦ አልተነሳም።
ጣቢያው፦ እንግዲያው የመርከቧ ወኪል ያመልክት።
ናሁሰናይ፦ ወኪል የለንም። ጥሎን ጠፍቷል።
ጣቢያው፦ ሲመጣ ያመልክት።

፮
የሚመለከተው አካል

መርከቧ የምታውለበልበው የአንዲት ትንሽ ደሴት ባንዲራ ነው። የዚያች ደሴት ሕግ ነው በመርከቧ ላይ የሚሠራው። በሕግ ዓይን ወንድሜ ያለው እዚያ ደሴት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ጻፍኩላቸው።

ጥያቄዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።

ደግሜ ጻፍኩ።

ጥያቄዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።

«ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ጥያቄዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።

፯
የሚመለከተው አካል

የራሳችን። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ፣ የደከማቸው ኃላፊ።

— መርከቧ የኛ ናት?
— አይደለችም። ልጁ ነው የኛ።
— በምን በኩል ሄደ?
— በኤጀንት።
— ኤጀንቱ ሕጋዊ ነው?
— ጌታዬ፣ እግሩ እያበጠ ነው።
— ገብቶኛል፣ እኔም ወንድም አለኝ። እኛ የምናደርገው ምንድን ነው፣ ደብዳቤውን ለሚመለከተው አካል እንመራዋለን።

፰
የሚመለከተው አካል







፱

ቃሉን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? መመልከት ማለት ማየት ነው። «የሚመለከተው አካል» ማለት የሚያይ ዓይን ያለው አካል ማለት ነው። እንግዲህ በሕይወቴ ለስንቱ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፤ አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ ሕንፃ ደረጃውን ስወርድ ጮኼ ሰደብኳቸው። ጥበቃው «እመቤት፣ ቀስ ይበሉ፣ ደረጃው ያዳልጣል» አለኝ። በዚያ ሳምንት ያዘነልኝ የመንግሥት ሠራተኛ እሱ ብቻ ነው።

፲

የእግሩን ፎቶ ለጎረቤቴ ለሲስተር አልማዝወርቅ አሳየኋት። ነርስ ናት። ስልኬን ከእጄ ወስዳ አስፍታ አየችው፤ ከዚያ መልሳ ሰጠችኝና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

— ቅላቱ ወዴት እየሄደ ነው?
— ወደ ጉልበቱ።
— መድኃኒት አላቸው?
— የነበረውን ጨርሰዋል።
— ትርሲት፣ ይኼ ልጅ ሆስፒታል ነው የሚያስፈልገው። ምክር አይደለም።

«ለምን በጀልባ አይወጡም?» ትሉኛላችሁ። እኔም ብያለሁ። የነፍስ አድን ጀልባዋ ማውረጃ ዝጎ ተጣብቋል፤ ጋሽ ድንበሩ መዶሻ እስኪሰበር ደብድበውታል። ጠዋት ጠዋት የአገሬው ዓሣ አጥማጆች በእንጨት ጀልባ አጠገባቸው ያልፋሉ፤ ውሃና ሙዝ ይወረውሩላቸዋል። ውሰዱን ሲሏቸው ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፈቃድ የሌለው ሰው ይዞ የገባ ጀልባውን ይወረሳል። ጀልባው ደግሞ እንጀራቸው ነው። አንደኛው ሽማግሌ አልቅሶ ነው የሄደው።

፲፩

ክፍል ውስጥ ነኝ። አስተምራለሁ፤ ደመወዝ አይጠብቅም፣ ለጭንቀትም ፈቃድ አይሰጥም። ስለ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠናው እያነበብኩ ነው።

«ባለዳርቻው አገር ሕያው ሀብቱን ለመጠበቅ መርከብ ላይ የመውጣት፣ የመፈተሽ፣ የመያዝና ክስ የመመሥረት...»

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ፣ ማስቲካዋን እያኘከች፦

— መምህር፣ ሰው ሲታመም አያገባንም ብለው፣ ዓሣ ሲነካ ግን ፖሊስ ይልካሉ ማለት ነው?
— ማለት ነው።
— ዓሣው መንግሥት አለው በሉኛ!

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ቦርሳዬን እንኳ እዚያው ትቼ ነው የወጣሁት።

፲፪
ወንድምን ለማሳሰር፦ መመሪያ

ሀ. ስልኩ መስመር እስኪያገኝ ደውሉ። አትሰልቹ።

ለ. «ሐሺሽ ጭነዋል» ብላችሁ እንዳትጠቁሙ። ተኩሰው ነው የሚገቡባቸው።

ሐ. «ተላላፊ በሽታ አለ» ብላችሁም እንዳትጠቁሙ። ያርቋቸዋል።

መ. ዓሣ። ዓሣ ብቻ።

ሠ. በዓሣ ሰበብ መርከቧ ወደ ወደብ ትጎተታለች። ወደብ ማለት የግዛት ውሃ ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ሲያቃስት፣ የሚያቃስተው በአገር ውስጥ ነው።

ረ. የምትሠሩትን ለእናታችሁ አትንገሩ።

፲፫

— ናሁ፣ መንጠቆ አላችሁ?
— አለ። ምነው?
— ዓሣ አጥምዱ። ዛሬውኑ። በደንብ በሚታይ ቦታ ሆናችሁ አጥምዱ።
— እኔ መቆም አልችልም ትርስዬ።
— ጋሽ ድንበሩ ያጥምዱ። እኔ እጠቁማችኋለሁ፤ መጥተው ይይዟችኋል።

ሳቀ። በሕመም መሐል መሳቅ ከልጅነታችን ጀምሮ ልማዱ ነው።

— እህቴ ልታስረኝ ነው፣ ጋሽ ድንበሩ! ይሰማሉ?

ከበስተጀርባ የጋሽ ድንበሩ ድምፅ መጣ።

— እግዜር ይስጣት በላት! መቼ ነው የምትጠቁመን?

፲፬
የሚመለከተው አካል

የባለዳርቻው የዓሣ ሀብት ጥበቃ፣ የጥቆማ መስመር። ገና ከመደወሌ ተነሳ።

— ምን ልርዳዎት?
— ያለ ፈቃድ እያጠመደች ያለች መርከብ አለች።
— የት?

ነገርኳትና ጠየቅኋት፦

— ከአሥራ ሁለቱ ማይል ውጭ ናት፤ ያ ችግር የለውም?
— እመቤቴ፣ ዓሣው እስከ ሁለት መቶ ድረስ የኛ ነው። ብዙ ነው የሚያጠምዱት?
— ብዙ።
— ምን ዓይነት?
— ትልልቅ።
— ጀልባ አሁኑኑ ይወጣል። ስለ ትብብርዎ ከልብ እናመሰግናለን።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከልብ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ለዓሣው ብላ።

፲፭

መጡ።

፲፮

ይህን የነገሩኝ ጋሽ ድንበሩ ናቸው። እንዳለ ነው የማስቀምጠው፤ አንድ ቃል አልነካሁም።

— መጡ፣ መምህርት። ስምንት የሚሆኑ ናቸው፣ ደህና ጨዋ ልጆች። ወጡ፣ ፈተሹ። ቀዝቃዛውን ክፍል ከፈቱ፣ ባልዲውን ገለበጡ። አለቃቸው «ዓሣው የታል?» አለኝ።
— እሺ?
— የለም አልኩት።
— እንዴት የለም! አላጠመዱም?
— ኧረ አጥምጃለሁ! ሲያዝልኝ ነው የዋለው፣ ባሕሩ እኮ የተባረከ ነው። ይኼን የሚያህል።
— ታዲያ?
— መለስኩታ።

...

— ጋሽ ድንበሩ። ለምን?
— ሑዳዴ አይደለም እንዴ፣ ልጄ? ማን ሊበላው? ለማይበላ ነገር ነፍስ አላጠፋም። አንቺ አጥምዱ ነው ያልሽው፣ አጠመድኩ፤ አንድ በአንድ በደህና ወደ ውሃው መለስኩ። ለአለቅየውም ይህንኑ አስረዳሁት። ደስ አለው፤ ጨበጠኝ። «ጥፋት አልተገኘም» ብሎ ጻፈ።
— ናሁሰናይስ? እሱን አላሳዩአቸውም?
— ተሸክሜ አወጣሁት እንጂ! እግሩን ገልጬ አሳየሁ። አለቅየው አንገቱን ደፋ። «እኛ የዓሣ ነን፣ ይኼ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው» አለ። ሁለት ካርቶን ውሃ ትተውልን ሄዱ።

፲፯

አጥምዱ አልኳቸው። አጠመቁት።

ይህን እንደ ቀልድ የጻፍኩት ካልቀለድኩ ስለማልጨርሰው ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ፈልጉልኝ። እኔ የአዲስ አበባ ጿሚ ነኝ፤ እዚህ ሑዳዴ ሲገባ ምግብ ቤቱ ሁሉ «የጾም ዓሣ አለ» ብሎ በር ላይ ይለጥፋል፤ ዓሣ ጉላሽ እየበላሁ ነው ፋሲካን የምጠብቀው። «ያዙት፣ አቆዩት፣ አሳዩት» ማለት ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። ጋሽ ድንበሩ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ሲኖሩ በጾም ዓሣ ቀምሰው አያውቁም። በሁለት ጿሚዎች መሐል ወንድሜ ቀረ። ሄጄ ልጮህባቸው፣ ይቅር ልላቸውም ፈለግሁ። ደግ ሰው ላይ መናደድ እንዴት ያለ ሥቃይ ነው!

፲፰

እንደገና ደወልኩ። ያችው ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ግን ያው አይደለም።

— ቁጥርዎ ሐሰተኛ ጥቆማ በሚል ተመዝግቧል።
— አሁን በእውነት እያጠመዱ ነው። እምልልሻለሁ።
— መልካም ቀን።

ጋሽ ድንበሩ አሁን አጥምደው ያስቀምጣሉ። «ኃጢአቱ በኔ ይሁን» ብለው መርከቧ ወለል ላይ ደርድረውታል። ፀሐይ መትቶታል፤ እየሸተተ ነው። የሚመጣ የለም።

፲፱

የባለዳርቻው መብት በዚያ ቀጠና ላይ፣ ዳግመኛ ክለሳ። በዚህኛው ጊዜ ለፈተና አይደለም።

ዓሣ። ሞከርን።

ሰው ሠራሽ ደሴት መገንባት። ሁለት ሰው፣ አንዱ የማይቆም።

የባሕር ምርምር መቆጣጠር። በምን መሣሪያ?

ውሃውን ከብክለት መጠበቅ።



ውሃውን ከብክለት መጠበቅ።*



* ከመርከብ የወጣ ነዳጅ የባለዳርቻውን ጠረፍ በከፍተኛ ጉዳት የሚያሰጋ ከሆነ፣ አገሩ መርከቧን መያዝ ይችላል። ይህን አንቀጽ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ተማሪ ሲያንቀላፋ ጠረጴዛ የምደበድበው እዚህ ላይ ነው።

፳

ጋሽ ድንበሩ ደወሉ። ናሁሰናይ ከትኩሳቱ የተነሳ ሰው መለየት ትቷል። በሕይወት የሌለውን አባታችንን እየጠራ «በሩን ክፈትልኝ» ይለዋል። እኔን ግን አልጠራም። ለምን እንዳልጠራኝ እያሰብኩ ቅናት ያዘኝ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ሰው ይቀናል።

— ጋሽ ድንበሩ፣ ጋኑ ውስጥ ናፍጣ አለ?
— ሞልቶ። የተሰበረው ሞተሩ ነው እንጂ ናፍጣውን ማን ነካው?
— ነፋሱ ወዴት ነው የሚነፍሰው?

ገብቷቸዋል።

— ወደ ምድር ነው፣ ልጄ። ወደነዚያ ሙዝ የሚሰጡን ሰዎች መንደር።

፳፩

ልፈርድ ሞከርኩ። ናፍጣው ከተለቀቀ ይመጣሉ፤ ያለ ጥርጥር ይመጣሉ፣ በሄሊኮፕተርም ቢሆን። ናሁሰናይ ከዚያች መርከብ ይወርዳል። ጋሽ ድንበሩ ምናልባት ዓመታት ይታሰራሉ፤ የብክለት ቅጣት ገንዘብ ብቻ እንዲሆን የሚያዝ አንቀጽ አለ፤ ሆን ተብሎ በግዛት ባሕር ውስጥ ለተደረገ ግን ላይሠራ ይችላል፣ ነፋሱ ደግሞ ወደዚያው ነው። የዚያ መንደር ውሃ ይጠቁራል። አልቅሶ የሄደው ሽማግሌ መረቡን ሲስብ የሚወጣለትን አስቡት። ልጆቹ ይራባሉ። አንዳቸውም ወንድሜን አልበደሉም፤ ውሃ ያጠጡት እነሱ ናቸው።

ናፍጣው ካልተለቀቀ አንድ ሰው ይሞታል። አንድ ብቻ። እኔ ያዘልኩት፣ ፊደል ያስቆጠርኩት፣ ባሕር የሚባል ነገር መኖሩን የነገርኩት።

ሕጉን ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ። ለዚህ መልስ የለውም። ፈጣሪንም ጠየቅሁ፤ ቢያንስ «ጥያቄሽ ደርሶናል» አላለኝም።

፳፪

— መምህርት።
— አቤት፣ ጋሽ ድንበሩ።
— የናፍጣው መክፈቻ ቫልቭ ጋ ቆሜያለሁ። በእጄ ይዤዋለሁ።
— ናሁስ?
— ይተነፍሳል። አሁን መጥራቱንም ትቷል። ስሚኝ፣ እኔ ዓሣውን በራሴ ፈርጄ መልሼ ልጁን ለዚህ አበቃሁት። ይኼን በራሴ አልፈርድም። የሱ ደም ያለሽ አንቺ ነሽ፣ ሕጉንም የተማርሽው አንቺ ነሽ። ልክፈተው?
— ጋሽ ድንበሩ...
— ስልኩ ሊዘጋ ነው፣ ልጄ። አንድ ቃል ብቻ በይኝ።

፳፫

ያልኩትን አልጽፈውም። «ክፈቱት» ብዬ ብጽፍ ከዚያ መንደር ያልተወለዳችሁ ትፈርዱልኛላችሁ። «አይክፈቱት» ብዬ ብጽፍ ወንድም የሌላችሁ ታመሰግኑኛላችሁ። ሁለታችሁንም አልፈልጋችሁም።

ይልቅ ኑ፣ በኔ ቦታ ቁሙ። ስልኩን ጆሯችሁ ላይ አድርጉ። በወንድሜ ስም ቦታ የራሳችሁን ሰው ስም ጻፉ፣ ሙሉ ስሙን። ከዚያ ክፍት ቦታውን ሙሉት። አንድ ቃል ነው፤ ጋሽ ድንበሩ ጆሯቸውን አቅንተው እየጠበቁ ነው።

— ጋሽ ድንበሩ፣



                    ...............................